ቤተ ክርስቲያን ያልነበራቸው ክርስቲያኖች

እሑድ፦ ቂሳርያ

ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሀበሻ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ጎልጎታ ነው የሚያመራው። እኔ ግን ከባሕር ዳር፣ ከሮማ ገዢዎች ከተማ ጀመርኩ። ለመሳለም ብቻ አልመጣሁም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መሬት ላይ ምን ትተው እንደሄዱ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው። መጽሐፉ የሚለውን እናውቃለን። ቁፋሮው ምን አገኘ?

መኪናውን የሚነዳው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ጎንደር አንድ ሰፈር ውስጥ ነው ያደግነው። እሱ ቤተ እስራኤል ነው፤ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ከገባ ብዙ ዘመኑ። እኔ ደግሞ ማኅሌት ሲቆም ጥግ ይዞ እንቅልፉን የሚለጥጥ የዲያቆን ልጅ ነበርኩ። «የእናንተን ታሪክ ነው የማስጎበኝህ ወይስ የእኛን?» አለኝ ገና ሳንነሳ። ሳቅን። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀንም።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የቁፋሮ መዝገቦቹ በዚያ ስለሆኑ መቀያየሩ ራስ ያዞራል።)

ቂሳርያን ወደቧን፣ ቲያትሯንና የፈረስ መሮጫዋን ጨምሮ የገነባት ታላቁ ሄሮድስ ነው። በ1961 በአንቶኒዮ ፍሮቫ የሚመራ የጣልያን ቡድን ቲያትሩን ሲቆፍር፣ ደረጃ ሆኖ ሲረገጥ የኖረ አንድ ድንጋይ አገኘ። በላዩ ላይ የተሸራረፈ የላቲን ጽሑፍ አለበት። የሚነበበው ግን ይበቃል፦ የጢባርዮስ ስም፣ «ጲላጦስ»፣ የይሁዳ ገዢ። በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት «በጰንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን» እያልን የምንጠራው ሰውዬ ማለት ነው። ስለ እሱ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስም፣ ፊሎም፣ ታኪቶስም ጽፈዋል። ሆኖም እነሱ የጻፉት በእጅ እየተገለበጠ ነው የደረሰን። ይህ ግን ሰውዬው በሥልጣን ላይ እያለ የተቀረጸ ነው። ቂሳርያ ላይ የቆመው ቅጂው ነው፤ ዋናው ኢየሩሳሌም ሙዚየም ውስጥ አለ።

እኔን ከጲላጦስ በላይ የያዘኝ ፊልጶስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ጃንደረባውን ካጠመቀ በኋላ እየሰበከ ቂሳርያ ደረሰ ይላል። ምዕራፍ 21 ላይ ጳውሎስና ጓደኞቹ ቂሳርያ መጥተው በፊልጶስ ቤት ያርፋሉ። እዚያ ላይ ተራኪው «ገባን»፣ «ተቀመጥን» እያለ ነው የሚጽፈው። የጃንደረባውን ታሪክ ሉቃስ ከማን እንደሰማው ለመገመት እኔ ብዙ አልቸገርም። ከራሱ ከፊልጶስ፣ እዚሁ ከተማ፣ ማዕድ ላይ ይሆናል። የህንደኬ ማዕረግ የመርዌ ንግሥታት፣ ማለትም የዛሬዋ ሱዳን፣ መሆኑን ምሁራን ይናገራሉ። ይህን ስጽፍ የሚቆጣኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥም አለ።

ታዲያ የፊልጶስ ቤት የት ነው? የለም። የቆርኔሌዎስም የለም። የሄሮድስ ቲያትር ግን ዛሬም ኮንሰርት ይዘጋጅበታል።

ሰኞ፦ በመጊዶ በኩል ወደ ናዝሬት

መጊዶ መገናኛ ላይ መንገዱ ዳር እስር ቤት አለ። ጎብኚ ወደ ጉብታው፣ ወደ አርማጌዶን ይታጠፋል። እኛ መኪናውን አቀዝቅዘን እስር ቤቱን አየን። ከውጭ አጥርና ማማ ብቻ ነው የሚታየው።

በ2005 ግቢውን ለማስፋፋት ሲቆፈር የተገኘው ነገር ግን ቀላል አይደለም። የሮማ ጦር ሰፈር አጠገብ የነበረ አንድ ሕንፃ ውስጥ የሞዛይክ ወለል ወጣ። ቁፋሮውን የመራው ዮታም ቴፐር ነው። በ230 ገደማ እንደተሠራ ይገመታል። ያኔ ክርስትና ገና ያልተፈቀደ ሃይማኖት ነው። ወለሉ ላይ ሦስት የግሪክኛ ጽሑፎች አሉ። አንዱ ጋያኖስ የሚባል የሮማ መቶ አለቃ በራሱ ገንዘብ ወለሉን እንዳሠራ ይናገራል። ሌላው አራት ሴቶችን አስቡ ይላል፦ ፕሪሚላ፣ ኪርያካ፣ ዶሮቴያና ክሬስቴ። ሦስተኛው አኬፕቶስ የምትባል እግዚአብሔርን የምትወድ ሴት ማዕዱን «ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ መታሰቢያ» እንደሰጠች ይገልጻል።

የኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰበው በ325 ነው። ኢየሱስን አምላክ ያደረገው ያ ጉባኤ ነው የሚል ወሬ በየዩቲዩቡ ሲነዛ እሰማለሁ። የአኬፕቶስ ጽሑፍ ከጉባኤው መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። አስገራሚው ደግሞ መስቀል የለበትም። ሥዕሉ ሁለት ዓሣ ነው። መቅደስም የለም። ያለው አንድ አዳራሽና መሐሉ ላይ ማዕድ ነው። የእኛ ኢዛና ገንዘቡ ላይ መስቀል ያስቀረጸው ከዚህ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ወለሉ ተነቅሎ በ2024 መስከረም ዋሽንግተን በሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። በእስረኛ ግቢ የተገኘው ወለል ከእኛ በፊት አሜሪካ ገባ።

ናዝሬት ግርግር ናት። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ቀኑን ሊበላው ነበር። ግዙፉ የብሥራት ቤተ ክርስቲያን ያምራል፤ ግን ብዙ አልቆየሁበትም። የፈለግኩት ጎረቤቱ ነው። በ2009 ያርዴና አሌክሳንድር የምትባል አርኪዮሎጂስት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በኢየሱስ ዘመን የነበረ ቤት አገኘች። ሁለት ክፍል፣ ግቢ፣ የውሃ ጉድጓድ። አለቀ። የተገኘው ዕቃም ገል ነው፤ ጥቂት ደግሞ ከኖራ ድንጋይ የተጠረበ ዕቃ ስብርባሪ።

ያ የኖራ ድንጋይ ዕቃ ነገሩን ሁሉ ይነግርሃል። በአይሁድ ሕግ ሸክላ ከረከሰ ይሰበራል። ድንጋይ ግን አይረክስም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የድንጋይ ዕቃ የተገኘበት ቤት ንጽሕና የሚጠብቁ አይሁድ ቤት ነው ይባላል። በቃና ሰርግ «እንደ አይሁድ የማንጻት ልማድ» የተቀመጡት የድንጋይ ጋኖችም ይኸው ናቸው።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ እናቱ ጋ ደወለ። እማማ አርማጭሆ ነው ያደጉት። ስፒከሩን ከፈተው። «የረከሰ ሸክላማ ይሰበራል እንጂ ይታጠባል እንዴ!» አሉ። «የመርገም ጎጆ (ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚቆዩበት) የነበረ ዕቃ ቤት አይገባም ነበር። እናንተ ዘንድሮ በማሽን አጥባችሁ ትበላላችሁ።» ከዚያ ለእኔ፦ «ልጄ፣ ምሳ በላህ?»

የናዝሬቷ ማርያም ከእኔ ይልቅ ከእማማ ጋር በቶሎ የምትግባባ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፦ ቅፍርናሆም

ጠዋት ጊኖሳር የሚታየውን ጀልባ አየን። በ1986 በድርቅ ምክንያት የገሊላ ባሕር ሲሸሽ ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ ያገኙት ነው። ስምንት ሜትር ከምናምን ይረዝማል፤ ዕድሜው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከተለያየ እንጨት ተጠጋግኖ ተጠጋግኖ እዚህ የደረሰ የድሃ ጀልባ ነው። መግደላ ላይም በ2009 የተገኘውን የአንደኛው ክፍለ ዘመን ምኩራብ አየነው። መካከሉ ላይ የነበረው ድንጋይ መቅረዝ ተቀርጾበታል። ኢየሩሳሌም ያለው ቤተ መቅደስ ገና ሳይፈርስ የተቀረጸ መቅረዝ ብርቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቅፍርናሆም።

ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ቦታውን በ1894 ገዙት። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ነጩ ምኩራብ ነው። ኢየሱስ ያስተማረበት ነው ብለው የሚነግሩ አስጎብኚዎች አሉ። አይደለም። ወለሉ ሥር በተገኙት ሳንቲሞች መሠረት ነጩ ሕንፃ የተሠራው ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ወደ ታች ዝቅ ብለህ ብታይ ግን ነጩ ድንጋይ የተቀመጠው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የኢየሱስ ዘመን ምኩራብ ከነበረ እሱ ነው የሚሆነው።

ከምኩራቡ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሌላ ሕንፃ አለ። በ1990 የተመረቀው ዘመናዊ ቤተ ክርስቲያን በወፍራም እግሮች ቆሞ ከላዩ ተንጠልጥሎበታል። ወለሉ መሐል ላይ መስታወት አለው። በመስታወቱ ቁልቁል ስታይ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ይታይሃል። በእሱ መሐል ደግሞ አንድ የጥቁር ድንጋይ ክፍል።

ክፍሉ ተራ ነው። ከ1968 ጀምሮ የቆፈሩት አባ ቨርጂሊዮ ኮርቦና አባ ስታኒስላዎ ሎፍሬዳ ያስተዋሉት ነገር አለ። በአንደኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ክፍሉ ጠባዩን ይቀይራል። ድስቱና ሳህኑ ይጠፋል። ግድግዳው በኖራ ይለሰናል፤ እንደገና ይለሰናል፤ እንደገና። በዚያ መንደር የተለሰነ ሌላ ቤት አልተገኘም። ሰው የሚኖርበት ቤት መሆኑ ቀርቶ ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል ሆነ ማለት ነው። በኋላ የመጡ ተሳላሚዎች ልስኑን ጭረው በግሪክኛ፣ በአራማይክ፣ በላቲን ጽፈውበታል። ከመቶ የሚበልጥ ጭረት ተገኝቷል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጣችው ተሳላሚ ኤጄርያም የሐዋርያት አለቃ ቤት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነና የጥንቱ ግድግዳ እንደቆመ ጽፋለች።

የጴጥሮስ ቤት ነው? ቆፋሪዎቹ የጴጥሮስን ስም ጭረቱ ላይ አነበብን ብለዋል፤ ንባቡን ያልተቀበሉ ምሁራን ብዙ ናቸው። እኔ ስሙን ትቼ ልስኑን ነው የማምነው። ስም እንደ ፈለጉት ይነበባል። ድሃ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩበት መንደር አንዱን ክፍል እየደጋገመ የሚለስን ሰው ግን ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ክርስቲያናዊ የሚባል ሕንፃ ፍለጋ የሚቆፍር ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ አይገርምም። ያ ባዶነት የሚያሳፍር ክፍተት አይደለም። ሰዎቹ እንዲያ ነው የኖሩት። አይሁድ ናቸው፤ የአይሁድ ዕቃ ይጠቀማሉ፤ በአይሁድ መቃብር ይቀበራሉ፤ የሚሰበሰቡት ሰው ቤት ነው። ሐዋርያው «በቤታቸው ላለች ቤተ ክርስቲያን» እያለ ሰላምታ የሚልከው ለዚህ ነው። ከጎረቤቱ የሚለይ ዕቃ ያልነበረውን ሰው አካፋ ከየት ያገኘዋል?

ለጓደኛዬ ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «ስለዚህ የእናንተ ታሪክ የሚጀምረው የእኛ ቤት ውስጥ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዓሣ በላን። የቱሪስት ዋጋ ነው፤ ባይነሳ ይሻላል።

ረቡዕ፦ ቁምራን

በዮርዳኖስ ሸለቆ ወረድን። ኬላ አለ። ፓስፖርቴን ሦስቴ አገላበጡት። ሙቀቱ የሚጠላ ነው።

ቁምራን ላይ ብዙ የሚታይ የለም። ፍርስራሽ፣ የውሃ ገንዳዎችና ገደሉ ማዶ የዋሻዎቹ አፍ። ወሬው ያለው በወጣው ብራና ላይ ነው። ከ1947 ጀምሮ ከአሥራ አንድ ዋሻዎች ዘጠኝ መቶ ገደማ ጥቅልሎች፣ አብዛኞቹ ብጥስጣሽ ሆነው፣ ተገኙ። የክርስቲያኖች አይደሉም። የኢየሱስ ስም የለባቸውም። ክርስትና የበቀለበትን አፈር ግን ያሳያሉ።

ለእኛ ለግዕዝ ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር አላቸው። መጽሐፈ ሄኖክን ዓለም ጥሎት ሲኖር ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲመለስ ብዙዎች የኋላ ዘመን ድርሰት መስሏቸው ነበር። ቁምራን አራተኛ ዋሻ ውስጥ የሄኖክ ብጥስጣሾች በአራማይክ ሲገኙ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ መጽሐፍ መሆኑ ተረጋገጠ። ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኘ። ይሁዳ በመልእክቱ «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነ ሄኖክ» ብሎ የጠቀሰው ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ስለ ሰው ልጅ፣ በክብር ዙፋን ስለሚቀመጠው ፈራጅ የሚናገረው ክፍል፣ ማለትም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ቁምራን ላይ አልተገኘም። እሱ ያለው በግዕዙ ነው። ስለ ክርስትና አጀማመር የሚመራመር ፈረንጅ ሁሉ «የሰው ልጅ» የሚለው ስም ከየት መጣ ሲል የእኛ ደብተራዎች የገለበጡትን ብራና መክፈት ግድ ይለዋል። ኩፋሌን ደግሞ የቤተ እስራኤል ቀሶችም በግዕዝ ያነቡታል። እኔና ጓደኛዬ ቁምራን ፀሐይ ላይ ቆመን የማን ታሪክ ነው ስንባባል፣ መጽሐፉ የሁለታችንም ቤት መደርደሪያ ላይ አለ።

ሐሙስ፦ የእስራኤል ሙዚየም

ዋናው የጲላጦስ ድንጋይ ፊት ቆምኩ። ከጠበቅኩት ያንሳል፤ ቁመቱ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በ1990 ኢየሩሳሌም ውስጥ የግንባታ ሠራተኞች በድንገት ከከፈቱት መቃብር የወጣው ያጌጠ የአጽም ሣጥን አለ። «ዮሴፍ ወልደ ቀያፋ» ተብሎ ይነበባል። ውስጡ ከነበሩት አጽሞች አንዱ የስድሳ ዓመት ገደማ ሰው ነው። ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አነባበቡን የሚጠራጠሩም አሉ።

ዮሐናን የሚባለው ሰው ግን ስም የለውም፤ ማለቴ ከሣጥኑ ውጭ ማንም አያውቀውም። በ1968 ሲገኝ የተረከዙ አጥንት ውስጥ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ሚስማር ነበረበት። ጫፉ ስለተቆለመመ ሊነቅሉት አልቻሉም፤ እንዳለ ቀበሩት። የተሰቀለ ሰው ሬሳ ለውሻ ይጣል ነበር እንጂ መቃብር አያገኝም፣ ስለዚህ የወንጌሉ የቀብር ታሪክ ተረት ነው የሚል ክርክር ነበር። ዮሐናን ተሰቅሏል፤ ቤተሰቦቹም በወግ ቀብረውታል።

ያላየሁት ደግሞ አለ። በ2002 «ያዕቆብ ወልደ ዮሴፍ የኢየሱስ ወንድም» የሚል ሣጥን ተገኘ ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። ከቁፋሮ የወጣ አይደለም፤ ከሰብሳቢ እጅ ነው የመጣው። ረጅም ክስ ተካሄደበት። ባለቤቱ በ2012 ከማጭበርበር ክስ ነፃ ወጣ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጽሑፉ እውነተኛ ነው አላለም። በበኩሌ ከየት ጉድጓድ እንደወጣ የማይታወቅ ዕቃ፣ የፈለገውን ያህል ደስ የሚል ነገር ቢጻፍበት፣ ልቤን አልሰጠውም።

ዓርብ፦ ጎልጎታ

በግብፆቹ በኩል ገብተን መጀመሪያ ዴር ሱልጣን ወጣን። አባቶቻችን በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ በጭቃ ጎጆ ይኖራሉ። ከኮፕቶች ጋር ያለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፤ በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ኮፕቶቹ ጸሎት ላይ ሳሉ የበሮቹ ቁልፍ ተቀይሮ ቦታው በእኛ እጅ የገባበት ታሪክ የታወቀ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ሄሮኒሞስ በ400 ገደማ ቤተ ልሔም ሆኖ ሲጽፍ ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መነኮሳት በየቀኑ ይመጡብናል ብሏል። አንድ አባት ጠበል አስጠጡን። ጓደኛዬንም። ማን እንደሆነ አልጠየቁትም።

ከዚያ ወረድን። ቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ፣ ግፊያና ሻማ ነው። ሰልፉን ትተን ከመቃብሩ ጀርባ ወዳለው ጨለማ የሶርያውያን ጸሎት ቤት ገባን። ግድግዳው ጠቁሯል። በጠባብ በር ጎንበስ ስትል በአለቱ የተፈለፈሉ መቃብሮች ታያለህ፤ የአንደኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ መቃብሮች ናቸው። ለእኔ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእብነ በረዱና ከወርቁ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ጉድጓድ ነው። አይሁድ ከተማ ውስጥ አይቀብሩም። ስለዚህ ያኔ ቦታው ከቅጥር ውጭ ነበር። ከስቅለቱ አሥር ዓመት ብዙም ሳይርቅ፣ ከ41 እስከ 44 በነገሠው በሄሮድስ አግሪጳ ዘመን፣ አዲስ ቅጥር ተጀምሮ ቦታውን ወደ ውስጥ አስገባው። በ135 ገደማ ደግሞ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ከላዩ የጣዖት ቤተ መቅደስ ሠራበት።

እስቲ አስቡት። በ326 ገደማ የቆስጠንጢኖስ ሰዎች መቃብሩን ሲፈልጉ ከቅጥር ውጭ ምቹ ባዶ ቦታ ሞልቶላቸዋል። እነሱ ግን ከተማው መሐል ያለውን ትልቅ ቤተ መቅደስ ነው ያፈረሱት። ፈጥሮ የሚናገር ሰው እንዲህ ያለ የማይመች ቦታ አይመርጥም። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሕንፃ ያልነበራቸው ሰዎች ቦታውን በቃል ሲያስተላልፉ ኖረዋል ማለት ነው።

በ2016 የመቃብሩ እብነ በረድ ሲነሳ የአቴንስ ባለሙያዎች የመረመሩት ልስን በ345 ገደማ የተለሰነ ሆነ። የቆስጠንጢኖስ ዘመን ሥራ መሆኑን ይደግፋል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የሮማ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ በፍራንቼስካ ሮማና ስታሶላ መሪነት፣ ወለሉን እየነቀለ ቆፍሯል። ሥሩ የድንጋይ ማውጫ ነበር። ማውጫው ከተተወ በኋላ አፈር ተሞልቶ ሰው አርሶበታል። በ2025 እዚያ አፈር ውስጥ የወይራና የወይን ተክል ቅሪት እንደተገኘ ተነገረ። ዮሐንስ 19፥41 «በተሰቀለበትም ስፍራ አትክልት ነበረ» ይላል። ወይራው ኢየሱስ እዚያ ተቀበረ አይልም። ጸሐፊው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ወይም ከሚያውቅ የሰማ ሰው መሆኑን ግን ያሳስባል፤ ለእኔ ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን ለአንዱ መነኩሴ ብነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። «ታዲያ ተጽፎ የለም እንዴ?» አሉኝ።

መቃብሩ ፊት ያለው ሰልፍ አሁንም አልቀነሰም። ጓደኛዬ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ሰንበት ሳይገባ ናታንያ መድረስ አለበት፤ እማማም ዳቦው ሳይበርድ ኑ ብለዋል። ሰልፉን ለእሑድ አሳድሬ ተከተልኩት።